ባቴን ያዘኝ

(ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ከእሁድ ጠዋት የእግር ጉዞ በኋላ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ!

ሣሩ ጤዛ ስላለበት ቆመን እንጨርሳለን ብዬ ነበር። እናንተ ግን ቀድማችሁ ተዘርግታችኋል። ይሁን፣ ተመቻቹ። ከአባይ ድልድይ እስከዚህ በእግሩ የመጣ ሰው መቀመጥ ይገባዋል።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ቃሉ ምላስ ስለሚያስር እናቴ ለጎረቤት ስታስረዳ "ልጄ የተማረ ወጌሻ ነው" ትላለች። ላርማት ሞክሬ ትቼዋለሁ። እንዲያውም ሳስበው የሷ ስም ከኔው ይሻላል።

በሥራዬ ላይ አብዝቼ የምሰማው አቤቱታ "ባቴን ያዘኝ" የሚል ነው። ሳይክል የሚነዳው ተማሪ ይለዋል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውለው የባጃጅ ሹፌር ይለዋል። ነፍሰ ጡሯ ትለዋለች። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ታንኳ ሲቀዝፍ የዋለው ሰው ይለዋል። አባባ ደግሞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከእንቅልፋቸው ዘለው ተነስተው ይሉታል። ከዚያ ሁሉም አንድ ጥያቄ ያስከትላሉ፦ "ምን አንሶኝ ነው? ምን ልዋጥ?"

ዛሬ ይህን ጥያቄ ልመልስ ነው የመጣሁት። ዳቦው ሲቆረስ ጆሯችሁ ወደዚያ እንደሚሄድ ስለማውቅ ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጡንቻ ያለ ማዕድን አይሠራም። የሚፈልገው ማዕድን ግን አብዛኛው ገበታችን ላይ አለ። የሚያስቸግረን አበላላችን ነው። የባት መያዝ ሁሉ ደግሞ የማዕድን እጥረት አይደለም።

እስቲ አንድ ነገር እንሞክር። ቀኝ እጃችሁን ጨብጡ። ጠበቅ! አሁን ልቀቁት። ከሁለቱ ጉልበት የሚፈልገው የትኛው ነው? መጨበጡ እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። መልቀቅም ጉልበት ይፈልጋል። ይህን ነገር ከመምህሮቼ በፊት ያሳየኝ ቅርጫ ነው።

ልጅ ሆኜ፣ ለፋሲካ፣ ሰፈራችን ቅርጫ ገባ። በሬው ታርዶ ተገፎ ሥጋው ቅጠል ላይ ይደለደላል። እኔ አጠገቡ ቁጢጥ ብያለሁ። አንዱ ብልት ገና ይርገበገባል። በሬው ከሞተ ቆይቷል፣ ሥጋው ግን አላወቀም። አጎቴ ከኪሱ ጨው አወጣ። ቆንጠር አድርጎ ነሰነሰበትና "እይ!" አለኝ። ሥጋው ተሸመቀቀ፣ እንደገናም ተንቀጠቀጠ። ሮጬ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ሳይ ያው ሥጋ ድርቅ ብሏል። ጨው ቢነሰነስበት ወይ ፍንክች።

የጡንቻ ትምህርት በሙሉ እዚያ ቅጠል ላይ ነበር።

ጡንቻችሁ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቀጫጭን ክሮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። አንዱ አክቲን፣ ሌላው ማዮሲን ይባላል። ማዮሲን ብዙ ትንንሽ እጆች አሉት። አክቲን ደግሞ እነዚያ እጆች የሚጎትቱት ገመድ ነው። ጡንቻ ተኮማተረ ማለት እጆቹ ገመዱን ጨብጠው ሳቡት ማለት ነው። በእረፍት ጊዜ ግን ገመዱ ላይ የሚያዝበት ቦታ ተሸፍኗል። መሸፈኛውን የሚያነሳው ካልሲየም ነው። ከነርቭ ትእዛዝ ሲመጣ በጡንቻው ውስጥ ካለ ጓዳ ካልሲየም ይለቀቃል። ትሮፖኒን የሚባል ፕሮቲን ላይ ይቀመጣል፣ መሸፈኛው ገለል ይላል፣ እጆቹ ይጨብጣሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓይናችሁን እስክትጨፍኑ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

አሁን መልቀቁ። ለመልቀቅ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ካልሲየሙ ተመልሶ ወደ ጓዳው መግባት አለበት። እሱን የሚያስገባው ፓምፕ ጉልበት ይበላል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ የማዮሲን እጅ ከገመዱ ላይ እንዲላቀቅ ኤቲፒ የሚባለው የጉልበት ቁራሽ ሊደርሰው ይገባል። ኤቲፒ ደግሞ ብቻውን አይሠራም። ማግኒዥየም አብሮት መኖር አለበት። ኤቲፒ ራሱ ሲሠራ ፎስፈረስ ይፈልጋል። ስለዚህ አንዲት ጣት ታጥፋ እስክትዘረጋ ድረስ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ፎስፈረስ ሥራ ላይ ናቸው። ሶዲየምና ፖታሲየም ደግሞ ትእዛዙን ያደርሳሉ፣ እመጣባቸዋለሁ።

ወደ ቅርጫው ልመልሳችሁ። ሥጋው የተርገበገበው የተረፈ ኤቲፒ ስለነበረው ነው። ጨው ሲነካው የዘለለው በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም የውሸት ትእዛዝ ስለሆነበት ነው። ከሰዓት በኋላ የደረቀው ኤቲፒው ስላለቀ ነው። እጆቹ ገመዱን እንደጨበጡ ቀሩ፣ የሚያላቅቃቸው ጠፋ። ሬሳ የሚደርቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። እሁድ ጠዋት ስለ ሬሳ ማውራቴ ይቅር ይባልልኝ።

ጥሩ እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻ አይታችኋል? የምናጨበጭብለት ትከሻው ስለተወጠረ ብቻ አይደለም። በዚያ ፍጥነት መልቀቅ ስለቻለ ጭምር ነው። መልቀቅ የማይችል ትከሻ እስክስታ አይወርድም፣ ይገተራል።

ካልሲየም ለጡንቻ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የታወቀው በአጋጣሚ ነው። ታሪኩን ስለምወደው ታገሱኝ። በፈረንጆቹ 1880ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ሲድኒ ሪንገር የሚባል ሐኪም ነበር። የእንቁራሪት ልብ ከአካሏ አውጥቶ ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ያስቀምጣል። ልቡ ለረጅም ሰዓት ሲመታ ያያል። ደስ ብሎት ውጤቱን አሳተመ። በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ጨዋማው ውሃ የተዘጋጀው በተጣራ ውሃ ሳይሆን ከከተማው ቧንቧ በተቀዳ ውሃ ነበር። በተጣራው ውሃ ሲሞክረው ልቡ ወዲያው ደከመና ቆመ። የቧንቧው ውሃ ውስጥ ካልሲየም ነበረበት። ሪንገር ሰው ፊት ሳያፍር በ1883 ስህተቱን ራሱ ጽፎ አረመ። ከመካከላችን ሆስፒታል ተኝቶ "ግሉኮስ ተደረገልኝ" ያለ ሰው ይኖራል። ከሚሰቀሉት ከረጢቶች አንዱ ላይ "ሪንገር ላክቴት" የሚል ጽሑፍ አለ። ሰውዬው እሱ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም አለ።

እንግዲህ "ካልሲየም ካነሰኝ ጡንቻዬ ይዝላል፣ ስለዚህ ወተት ልጠጣ" ልትሉ ነው። ቆዩ። አንድ አዋቂ ሰው በሰውነቱ ውስጥ አንድ ኪሎ ገደማ ካልሲየም ይዞ ይዞራል። 99 በመቶው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው። ገበታው ላይ ካልሲየም ሲያንስ ሰውነት ከአጥንት ይበደራል። ጡንቻና ልብ እንዳይቆሙ የደሙ መጠን ይጠበቃል። ብድሩን የሚከፍለው አጥንት ነው፣ ወለዱም እርጅና ላይ ስብራት ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ትናንት ማታ ባታችሁን የያዛችሁ ወተት ስላልጠጣችሁ አይደለም። የደም ካልሲየም በእርግጥ የሚወርድበት በሽታ አለ። ያኔ ነርቭ ይቆጣል፣ ከንፈር ዙሪያ ይነዝራል፣ የእጅ ጣቶች ተጨማደው እንደ ወፍ ምንቃር ይሆናሉ። ይህ ሐኪም ቤት የሚያስሮጥ ነው እንጂ ወተት የሚያስጠጣ አይደለም።

አዋቂ ሰው በቀን 1000 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ይፈልጋል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህል ይሰጣል። "በጾምስ?" የሚለኝ አይጠፋም፣ የሁለት ወር ያህል ሁዳዴ አለብን። ደግነቱ ጤፍ ከብዙዎቹ እህሎች በካልሲየም ይበልጣል። 100 ግራም የጤፍ እህል 180 ሚሊ ግራም አካባቢ ይይዛል። ያንኑ ያህል ማግኒዥየምም አለው። ጎመን ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጎመንና ቆስጣ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወንድማማች ይመስላሉ። ቆስጣ ውስጥ ኦክሳሌት የሚባል ነገር ስለሚበዛ ካልሲየሙን አፍኖ ይይዘዋል፣ አንጀታችን ብዙውን አያገኘውም። የጎመኑ ግን በቀላሉ ይገባል። ቆስጣ አትብሉ እያልኩ አይደለም፣ ሌላ ጥቅም አለው። ለካልሲየም ብላችሁ ከሆነ ግን ጎመኑን አንሱ። ዓሣ የምትበሉ ደግሞ ከነእሾሁ የሚበላ ትንንሽ ዓሣ ካገኛችሁ ካልሲየሙ እሾሁ ላይ ነው። ትልቁን የቀረሶ እሾህ ግን ለድመት ተዉላት።

ማግኒዥየም ብዙ አያደክመኝም። ሰውነታችን ውስጥ 25 ግራም ገደማ አለ፣ ከግማሽ በላዩ አጥንት ውስጥ ነው። አዋቂ ሰው በቀን ከ300 እስከ 400 ሚሊ ግራም አካባቢ ይበቃዋል። ከየት? ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከባቄላ፣ ከጤፍ፣ ከሰሊጥ፣ ከኑግ፣ ከተልባ፣ ከጎመን። ዝርዝሩን ስሙት እስቲ። የጾም ገበታ ነው! ማግኒዥየም የሚቀንሰው እህሉ ሲፈተግና ሲነጣ ነው። ነጭ ዳቦ ከገብስ በሶ በዚህ ያንሳል።

አሁን ስለ ጨው ላውራ። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ እነግራችኋለሁ።

ከዓመታት በፊት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ከጓደኞቼ ጋር በሳይክል ጢስ አባይ ሄድን። ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ነበር። ፀሐዩ ደግሞ ሚያዝያን ታውቁታላችሁ። "ውሃ ጠጡ" የሚለውን ምክር በደንብ የሰማሁ ጎበዝ ነኝና ትልልቁን ሃይላንድ ሦስት ጨረስኩ። ምግብ ግን ጠዋት ሁለት ስኒ ቡና ብቻ። ስንመለስ ሸሚዜ ጀርባ ላይ ነጭ ካርታ ተስሏል፣ የደረቀ ላብ። ራሴን ያመኛል፣ ሆዴ ውሃ ይንቦጫረቅበታል። ከዚያ ሁለቱም ባቶቼ አንድ ላይ ተያዙ። ከሳይክል ወረድኩ እንዳልል፣ ወደቅሁ። ባቴን ስነካው ድንጋይ ነው። ከቆዳው ሥር የሚሄድ አይጥ ያለ ይመስል ይንቀሳቀሳል። ጓደኞቼ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ነው የደነገጡት።

መንገድ ዳር ቅቅል ድንች የሚሸጡ እናት ነበሩ። "ምን ሆነህ ነው ልጄ?" ብለው መጡ። የእግሬን ጣቶች ይዘው ወደ ጉልበቴ ገፉልኝ። ከዚያ ሁለት ድንች በጨውና በሚጥሚጣ ሰጡኝ። ግማሽ ሰዓት ጥላ ሥር ተቀምጬ በላሁ። ከዚያ እየነዳሁ ቤቴ ገባሁ። ገንዘብ ብሰጣቸው የድንቹን ብቻ ተቀበሉ።

እኚያ እናት ፊዚዮሎጂ አልተማሩም። ግን ያደረጉት ሁሉ ልክ ነበር። ላብ ውሃ ብቻ አይደለም፣ ጨው ይዞ ይወጣል። ጨው ያጣ ሰው ላይ ተራ ውሃ ሲደፋበት በደሙ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል። ራስ ምታቱ ከዚያ ይመጣል። በጣም ሲከፋ ሰው ራሱን እስከመሳት ይደርሳል። ስለዚህ ረጅም ሰዓት በፀሐይ የምትሠሩ፣ የምትሮጡ፣ የምትቀዝፉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ግን ምግብም ብሉ። ጨው ያለበት ምግብ።

ጨው ጠፍቶብኝ ነው ያዘኝ ብዬ ግን ልምልላችሁ አልችልም። ምክንያቱም በዚያው ሰዓት በጣም ደክሜም ነበር። የስፖርት ተመራማሪዎች ራሳቸው ሁለት ወገን ሆነው ይከራከሩበታል። አንዱ ወገን የጨውና የውሃ ማነስ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ የደከመ ጡንቻ ላይ ነርቭ ልጓሙን ስቶ "ጨብጥ ጨብጥ" እያለ ሲያዝ ነው ይላል። ለሁለተኛው ወገን የሚያደላ አንድ ነገር አለ። የኮመጠጠ ጨዋማ ነገር የጠጡ ሰዎች ሕመሙ ቶሎ ሲለቃቸው ታይቷል። ጨው ከሆድ ወደ ደም እስኪገባ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያ ፍጥነት የለቀቃቸው ጉሮሮ ላይ ያለው ኮምጣጣ ስሜት ነርቩን ስላስደነገጠው ነው ተብሎ ይታመናል። የእኚያ ድንች ሻጭ እናት ሚጥሚጣም ድርሻ ሳይኖራት አልቀረም።

ጨው ብሉ ያልኩት ለላብ ነው። ቢሮ ለሚውል ሰው አልነገርኩም! የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው። ወጡ ውስጥ ያለው፣ ዳቦው ውስጥ ያለው፣ በርበሬው ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ። ግፊት ያለባችሁ ይህን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

የሶዲየም ጓደኛው ፖታሲየም ነው። ሶዲየም ከሴል ውጭ ይኖራል፣ ፖታሲየም ውስጥ። ትእዛዝ ሲመጣ ሶዲየም ዘሎ ይገባል፣ ፖታሲየም ይወጣል። ጡንቻ ላይ የሚሄደው ኤሌክትሪክ እሱ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ወደ ቤቱ የሚመልስ ፓምፕ አለ። ሦስት ሶዲየም ያስወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። እናንተ ስትተኙም አይተኛም። የዴንማርኩ ሳይንቲስት የንስ ስኩ ይህን ፓምፕ በፈረንጆቹ 1957 ይፋ አደረገ፣ ኖቤል የደረሰው በ1997 ነው። አርባ ዓመት ጠበቀ! ደመወዝ ዘገየ ብለን የምናማርር...

ፖታሲየም ሲባል ሁሉም ሙዝ ይላል። ሙዝ ጥሩ ነው፣ አልጠላውም። ግን ድንች ከሙዝ አያንስም። አቮካዶ ይበልጣል። ሽሮና ባቄላም ሞልቷቸዋል። ስፕሪስ ጁስ ቤት የሚውሉ ልጆች በዚህ በኩል አያሳስቡኝም፣ ስኳሩ እንጂ።

ፖታሲየም የሚያሳስበኝ በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ተቅማጥና ትውከት ነው። ሕፃን ልጅ ሁለት ቀን ሲያስቀምጠው አንገቱ የሚዝለው፣ ሆዱ የሚነፋው፣ ውሃ ስላለቀበት ብቻ አይደለም። ፖታሲየሙም ፈስሶ ነው። ለዚህ ነው ኦአርኤስ፣ እኛ ለምለም የምንለው፣ ውስጥ ፖታሲየም የተጨመረው። ፓኬቱ ካልተገኘ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨው አታብዙ። ፖታሲየሙ ግን እዚህ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ልጁ መብላት ከቻለ ሙዝ ወይም የተፈጨ ድንች ስጡት። ጡት ከሚጠባም አታቋርጡበት። ጤና ጣቢያ መሄዱም አይቅር።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፖታሲየም ማስወጣት ያቅተዋል። ደም ውስጥ በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊ ሞል መሆን ያለበት ነገር ከፍ ሲል ልብን ያቆማል። ልብም ጡንቻ ነው። እንዲህ ያለ ታማሚ ቤታችሁ ካለ "ለጉልበት ይሆንሃል" ብላችሁ አቮካዶና ሙዝ አትደርድሩበት። ሐኪሙን ጠይቁ። የሽንት መድኃኒት የሚወስዱ የግፊት ታማሚዎች ደግሞ በአብዛኛው በተቃራኒው ፖታሲየም ያንሳቸዋል። አንዱን የጠቀመ ሌላውን ይገድላል። ለዚህ ነው ከጎረቤት መድኃኒት መዋስ የምጠላው።

ብረት ላይ ልረፍና ልናገር፣ ምክንያቱም እናቶቼና እህቶቼ እዚህ በብዛት አሉ።

የዶሮ ሥጋ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ደረቱ ነጭ ነው፣ ጭኑ ጠቆር ይላል። ዶሮ ቀኑን ሙሉ ትሄዳለች፣ አትበርም። ረጅም ሰዓት የሚሠራ ጡንቻ ኦክስጅን የሚያስቀምጥበት ማዮግሎቢን የሚባል ጎተራ አለው፣ ቀለሙም ከዚያ ነው። የጎተራው መሐል ላይ ብረት አለ። የቀረሶ ሥጋ የሚነጣው ጡንቻው ለአፍታ ተስፈንጥሮ የሚያርፍ ስለሆነ ነው። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢንም ብረት ይፈልጋል። ብረት ሲያንስ ጡንቻ አይያዝም፣ ይደክማል። ደረጃ ሲወጡ ልብ ይመታል። እንስራ ስታነሺ ትንፋሽ ያጥርሻል። ብዙ ሴቶች ይህን "ሥራ በዝቶብኝ ነው" ብለው ለዓመታት ይኖሩበታል። በወር አበባ ዕድሜ ያለች ሴት ከወንድ እጥፍ በላይ ብረት ያስፈልጋታል።

"ጤፍ ብረት ሞልቶታል፣ ጤፍ እየበላን እንዴት?" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ጤፍ ብረት አለው። ግን ከምንለካው ብረት ብዙው የአውድማ አፈር ነው። ጤፍ በበሬ ሲበራይ ያየ ሰው ይገባዋል። ፍሬዋ ደቃቅ ናት፣ አፈሩ ይጣበቅባታል። የአፈር ብረት ደግሞ አንጀት ብዙ አይቀበለውም። የራሱ የእህሉ ብረትም ፋይቴት በሚባል ነገር ታስሯል። እዚህ ላይ ቅድመ አያቶቻችን ያመጡት እርሾ ያግዛል። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። በደንብ የቦካ እንጀራ ከአፍለኛ ቂጣ በዚህ ይሻላል። ሽሮው ላይ ቃሪያ ስንጉን አትተዉት፣ ቃሪያና ሎሚ ቫይታሚን ሲ ስላላቸው የእህል ብረት እንዲገባ በሩን ይከፍታሉ።

ቡና ደግሞ በሩን ይዘጋል። ተናገርኩት። በዘጌ ቡና አገር ላይ ቆሜ! አትናደዱብኝ፣ እኔም አቦል ቶና በረካ ሳልል አልውልም። ጠጡ። ከምሳ ላይ ተነስቶ ወዲያው መሆኑ ነው ችግሩ። ቡናም ሻይም ከምግብ ጋር ሲገናኙ የእህሉን ብረት ይዘውት ይወጣሉ። አንድ ሰዓት ብቻ አርቁት። ደም ያነሳት ሴት የብረት ኪኒኗን በሻይ ስትውጥ ሳይ ግን ሆዴ ይባባል።

ዚንክና ሴሊኒየምም ለጡንቻ ጥገና ያስፈልጋሉ። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል ላይ አሉ፣ ከዚህ በላይ አልሄድባቸውም። አዮዲንን ግን አልዘለውም። አዮዲን ሲያንስ እንቅርት ብቻ አይደለም የሚመጣው። አንገት ላይ ያለችው የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማምረት ሲያቅታት ጡንቻው ይንቀራፈፋል፣ ሰውየው ይበርደዋል፣ ይከብደዋል። አገራችን ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያስገደደችው በ2003 ዓ.ም በወጣ ደንብ ነው። ስትገዙ እዩት፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት።

አሁን ወደ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓቱ ባት ልመለስ። ለዚህ ማግኒዥየም እንክብል የሚገዛ ሰው በዝቷል። የተደረጉትን ሙከራዎች ሰብስበው ያዩ ሰዎች በዕድሜ ገፋ ያሉት ላይ መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ኪኒን እምብዛም የተሻለ ሆኖ አላገኙትም። ብዙ ሲወሰድ ደግሞ ሆድ ያስኬዳል። ገንዘባችሁን ድንችና ጎመን ግዙበት።

ሲይዛችሁ እንዲህ አድርጉ። ጉልበታችሁን ዘርጉ። የእግር ጣቶቻችሁን ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ። እጃችሁ ካልደረሰ ነጠላ በውስጥ እግራችሁ ሥር አሳልፋችሁ በሁለት በኩል ጎትቱት። ወይም ተነሱና ተረከዛችሁን መሬት አስረግጡ። ሲለቅ አሹት። ከመኝታ በፊት ግድግዳ ተደግፋችሁ ባታችሁን ለአንድ ሁለት ደቂቃ ሳቡ። አባባ፣ እርስዎም። ጎንበስ ማለት ከከበደዎ ልጆቹ ይያዙልዎ።

ሐኪም ጋ የሚያስኬዱ ምልክቶችም አሉ። አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካልለቀቀ፣ እሱ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል አትሹት። ከከባድ ሥራ በኋላ ሽንታችሁ እንደ ኮካ ከጠቆረ ዛሬውኑ ሂዱ። እጅና እግር በአንድ ወገን ከዛለ አትጠብቁ። መድኃኒት ከጀመራችሁ ወዲህ መያዙ ከበዛም ለሐኪማችሁ ንገሩት።

ዳቦው ተቆረሰ መሰለኝ፣ ዓይናችሁ ከኔ ላይ ተነስቷል። ቡናውም እየታጠበ ነው። ስዓታችሁን እዩ፣ ከዳቦው አንድ ሰዓት። አዎ፣ እኔም እጠብቃለሁ፣ እናንተ እያያችሁኝ ምን አማራጭ አለኝ? እስከዚያ ጉዞው ላይ ባቱን የያዘው ሰው ካለ ያቺ ዛፍ ሥር ፍራሽ አንጥፌያለሁ፣ ይምጣ። ጫማችሁን አውልቁ። ካልሲያችሁንም።